«የአሜሪካ ትርፍራፊ ናቸው» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ደብዳቤዎቻችሁ ተከምረውብኛል። ባለፈው ስለ ኤድመንተን ቡድን አንድ መስመር ብጽፍ ግማሻችሁ ስለ ካናዳ ፉትቦል ጠየቃችሁኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እነዚህን ላጽዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ በእጃቸው ይዘውት እየሮጡ ለምን እግር ኳስ ይሉታል?

ለፈረንጆቹ ጻፍላቸው። እኔ «ፉትቦል» እያልኩ አልፋለሁ፤ እግር ኳስ ለኔም ሌላ ነው።

ከዊኒፔግ፦ ባለቤቴ ዓርብ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮሃል። እኔ የሚታየኝ ሰዎች ሲወድቁ፣ ሲነሱና ተሰብስበው ሲያወሩ ነው። ምንድን ነው የሚያደርጉት?

እህቴ፣ ነገሩ ከሚመስለው ይቀላል። ኳሱን የያዘው ቡድን ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ትንሽ በለጥ የሚል ርቀት፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ለዚህ ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት እንደገና ሦስት ያገኛል። ካልተሳካለት ኳሱ የተቃራኒ ነው። ያ ተሰብስቦ ማውራት ቀጣዩን ሙከራ እየተመካከሩ ነው።

አሜሪካኖቹ አራት ሙከራ አላቸው። የአንድ ልዩነት ምንም አይመስልም፣ አይደል? ጨዋታውን ግን ሌላ ነገር ያደርገዋል። እዚህ ሁለቴ ሞክረው ካልሆነላቸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ኳሱን አርቀው ይመቱታል፤ ጎሉ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ለሦስት ነጥብ ይሞክራሉ። ስለዚህ በተግባር ያላቸው ሁለት ሙከራ ነው። በሁለት ሙከራ 10 ያርድ ለመሄድ እየተጋፉ ሦስት ሦስት እርምጃ መቆንጠር አያዋጣም። መወርወር ይበዛል። ሜዳውም ሰፊ ነው፤ 110 ያርድ በ65። በየቡድኑ 12 ሰው ይሰለፋል፣ ከአሜሪካኖቹ በአንድ ይበልጣል። ኳሱ ገና ሳይነሳ ከኋላ ያሉት ወደፊት መሮጥ ስለሚፈቀድላቸው ጨዋታው ሲጀመር የተባረረ የንብ መንጋ ይመስላል።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ፦ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ከጮኸ እውነቱን ነው። የመጀመሪያው ላይ ከጮኸ እሱም አልገባውም።

ከካልጋሪ፦ ጎል ስቶ ነጥብ ያገኛል የሚባለው ቀልድ ነው?

አይደለም። «ሩዥ» ይባላል፣ አንድ ነጥብ ነው። ቡድኑ የመታው ኳስ ከጎሉ መስመር ጀርባ ያለው ክልል ገብቶ ተቃራኒው ይዞት መውጣት ካቃተው ነጥቡ ለመቺው ነው። እስከ 2025 ድረስ ኳሱ ያንን ክልል አልፎ ቢወጣም ይቆጠር ነበር፤ የሰዉ ሁሉ ሳቅ እሱ ላይ ነበር። ከ2026 ጀምሮ ያኛው ቀርቷል። ተቀባዩ እዚያው ከተያዘ ወይም በፈቃዱ ከተንበረከከ ግን አንዷ ነጥብ አሁንም አለች። እሷን ከነኩብኝ ደግሞ እኔም ሰልፍ እወጣለሁ።

ከሬጂና፦ ለዓመት ትኬት ያወጣሁትን ከግብር ማስቀነስ እችላለሁ?

አይመስለኝም። የሂሳብ ባለሙያ ጠይቅ።

ከቶሮንቶ፦ እዚያ ያልተፈለገ ነው እዚህ የሚመጣው። የኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካኖቹ ትልቅ ሊግ፣ ትርፍራፊ ለማየት ብሬን አላወጣም።

ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው ታክሲ እንደሚነዳ፣ አገር ቤት ሳለ መሐንዲስ እንደነበረም ነግሮኛል።

ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ገንዘቡን ብቻ እናይ ካልን ክርክር የለም። በካናዳው ሊግ የአንድ ቡድን ዓመታዊ የደመወዝ ጣሪያ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ግድም ነው። ድንበሩን ስትሻገር አንድ ስም ያለው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው፣ ቡድኑን የሚመራው ሰው፣ ብቻውን የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። እዚህ ዝቅተኛው ደመወዝ 70 ሺህ ነው፤ ጨዋታ በሌለበት ወራት ሌላ ሥራ የሚሠራው ብዙ ነው። ልጁ እድል አግኝቶ ወደዚያ ቢሄድ አልፈርድበትም። እኔም እሄድ ነበር።

ግን «ያልተፈለገ» ስትል ቆይ። ማን ነው ያልፈለገው? ለምንስ?

በርኒ ከስቲስ የሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበር። በ1951 የኤንኤፍኤሉ ክሊቭላንድ ብራውንስ መረጠው። መረጠውና «አንተ ግን ተከላካይ ነህ» አለው። ከስቲስ ጥቁር ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር መሮጥ ይችላል፣ መጣል ይችላል፣ መምራት ግን የሱ ሥራ አይደለም ተብሎ ነበር የሚታመነው። እሱም ወደ ሃሚልተን መጣ። በዚያው ዓመት ኳርተርባክ ሆኖ ተሰለፈ። ካናዳ ገነት ነበረች እያልኩህ ግን አይደለም፤ በዓመቱ ከቦታው አንስተው ሯጭ አድርገውታል። በ1953 ከቡድኑ ጋር ዋንጫውን ግሬይ ካፕን በላ። ከዚያም እዚሁ ቀረ። አስተማሪ ሆነ፣ ርዕሰ መምህር ሆነ፣ ልጆች ሲያሠለጥን አረጀ።

ሃያ ዓመት ቆጥረህ ና። ቸክ ኢሊ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ 35 ጨዋታ መርቶ 35ቱንም አሸነፈ። አንድም ሽንፈት የለም! በ1972 ግን የኤንኤፍኤል ምርጫ፣ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆችን ተራ በተራ የሚወስዱበት፣ ተጀምሮ ሲያልቅ ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። ከኳርተርባክ ሌላ አልጫወትም ብሏቸው ነበርና። ሃሚልተን ወሰደው። በመጀመሪያ ዓመቱ ሳስካቹዋንን 13 ለ 10 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ፤ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ተባለ።

ዋረን ሙን ደግሞ አለ። በ1978 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን መርቶ ሮዝ ቦውል የሚባለውን የዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ ግጥሚያ አሸነፈ፤ የዕለቱ ኮከብ ነበር። አሁንም ያው ዘፈን፦ ቦታ ቀይር። የኤንኤፍኤልን ምርጫ እንኳ ሳይጠብቅ ኤድመንተን ገባ። ኤድመንተን ከ1978 እስከ 1982 አምስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ፣ በ1984፣ እነዚያው ያልፈለጉት ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሂውስተን ወሰዱት። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ሲገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነበር። የካናዳው አዳራሽ ቀድሞ አስገብቶት ነበር።

ዳግ ፍሉቲን አትርሳ። የሱ ጥፋት ቀለም አልነበረም፣ ቁመት ነው። 1 ሜትር ከ78 ብቻ። አጭር ኳርተርባክ አይሆንም ተባለ። እዚህ መጥቶ ስድስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ሦስት ዋንጫም በላ።

እንግዲህ አንተ በአገርህ መሐንዲስ ነበርክ። እዚህ ወረቀትህን ገልብጠው ሳያዩ «የካናዳ ልምድ» አሉህ። መሪ ጨበጥክ። ነገ አንዱ ከኋላ ወንበርህ ቁጭ ብሎ «የትርፍራፊ መኪና ውስጥ ገባሁ» ቢል ምን ትለዋለህ? እኔ የምልህም እሱኑ ነው።

ከኦታዋ፦ የ15 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ፉትቦል ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመታ። ራሴን ያመኛል፣ ብርሃን ያስጠላኛል ይላል። ቅዳሜ ግጥሚያ አለባቸው፤ «ደህና ነኝ፣ ልጫወት» እያለኝ ነው። አያቱ ጠበል ውሰጂው ብለዋል።

እመቤቴ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳየሁ ነው በቀጥታ የመለስኩልዎ። ለሌሎች ወላጆች ስል ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ቅዳሜ አይጫወትም። ልምምድም የለም። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። እኔ የኳስ ወሬ ጸሐፊ ነኝ፤ የልጅዎን ጭንቅላት የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው፣ አሠልጣኙም አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተምታታበት፣ ሰውነቱ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ 911 ይደውሉ።

ልጆች «ደህና ነኝ» ይላሉ። ጓደኞቻቸው ፊት ማነስ አይፈልጉም። እርስዎ የሚኖሩበት ኦንታሪዮ ለዚህ ሲባል ሕግ አለው። ሮዋን ስትሪንገር የምትባል የ17 ዓመት የኦታዋ ልጅ ነበረች፤ ራግቢ ትጫወት ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደጋግማ ጭንቅላቷን ተመትታ በ2013 ሞተች። በ2018 በስሟ ሕግ ወጣ። ጭንቅላቱን ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ ሐኪም ሳይፈቅድ አይመለስም። አሠልጣኙ ካንገራገረ ይህን ይንገሩት።

ጠበሉ ይቅር አላልኩም። ከሐኪሙ በኋላ ይውሰዱት።

ከቫንኩቨር፦ በ2027 ሜዳው ሊያጥር ነው አሉ። ምን አገባን? ጨዋታው ያው አይደለም?

ያው አይደለም። በሴፕቴምበር 2025 የሊጉ ኮሚሽነር ስቱዋርት ጆንስተን ያስታወቀው ይህ ነው፦ ከ2027 ጀምሮ ሜዳው ከ110 ወደ 100 ያርድ ያጥራል። ከጎሉ መስመር ጀርባ ያለው ክልል ከ20 ወደ 15 ይቀንሳል። የጎሉ ምሰሶ ከመስመሩ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሦስቱ ሙከራና 12ቱ ተጫዋች ግን ይቆያሉ።

ስለ ምሰሶው አልከራከርም። ሰው በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥበት ቦታ መሀል ብረት መትከል ድሮም ጤነኛ ሐሳብ አልነበረም። ሜዳውን መቶ ማድረግ ግን ለምን? ብዙ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱ ከጎሉ መስመር ጀርባ ገብቶ የሚቆጠር ነጥብ፣ እንዲታይ ነው ይላሉ። እኔ ግን መቶ ያርድ የማን ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። የናንተው የቫንኩቨር ኳርተርባክ ኔተን ሩርክም ለውጡን በአደባባይ ተቃውሟል። ቪክቶሪያ ተወልዶ ይህንኑ ሊግ እያየ ያደገ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ፤ ካናዳዊ ኳርተርባክ ይህን ሲያገኝ ከራስ ጃክሰን ወዲህ፣ ማለትም ከ1969 ወዲህ፣ የመጀመሪያው ነው። ካናዳዊ ለኳርተርባክ አይሆንም እያሉ ስንት ዓመት እንዳስቆጠሩ ልብ በሉ።

ሊጉ ጎረቤቱን ለመምሰል ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1993 እስከ 1995 አሜሪካ ውስጥ ቡድኖች ከፍቶ ነበር። በ1995 ባልቲሞር ካልጋሪን 37 ለ 20 አሸንፎ ግሬይ ካፕን ድንበር አሻገረው። ትልቁ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ባልቲሞር እንደሚመለስ ግን ከፍጻሜው በፊት ታውቆ ነበርና ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ሞንትሪያል ገባ። የባልቲሞር ሰው ዋናው ሲመጣለት ምሳሌውን ምን ያደርገዋል?

ከሳስካቶን፦ የሳስካቹዋን ደጋፊዎች የሐብሐብ ቀፎ ራሳቸው ላይ መድፋታቸውን ምን ይሉታል? አያፍሩም?

ቡድናቸው በኖቬምበር 2025 ሞንትሪያልን 25 ለ 17 አሸንፎ ዋንጫ በልቷል። ዘንድሮ ዱባም ቢደፉ ዝም በል።

ከኤድመንተን፦ ለመሆኑ ያንተ ቡድን ማነው? ስትሸሸው አየሁህ።

ያወቅከኝ መሰለኝ። ኤልክስ ነኝ፣ የሙን ቡድን። አዎ፣ በገዛ ሜዳችን 22 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈናል። እስከ ኦገስት 2023 ድረስ ትኬት ቆርጠን፣ ልጆች ይዘን፣ ሽንፈት ልናይ እንሄድ ነበር። የመጨረሻ ዋንጫችን የ2015 ነው።

ታዲያ ለምን እሄዳለሁ? አንዱ ምክንያት ሜዳው ነው። ኮመንዌልዝ ስታዲየም በ2001 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደበት ነው። በሴቶች 10 ሺህ ሜትር ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ ተከታትለው የገቡት እዚያ ነው። ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ። ገዛኸኝ አበራ ማራቶኑን በአንድ ሰከንድ ልዩነት ቀድሞ የጨረሰውም እዚያው። ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። ዛሬ ኤልክስ በሦስተኛው ሩብ በ20 ነጥብ ሲበለጥብኝ ዓይኔን ከሜዳው አንስቼ ደራርቱ የት ጋ እንዳፈተለከች እፈልጋለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሽማግሌ ፈረንጅ ኳሱን የምከታተል ይመስለዋል።

ከሃሊፋክስ፦ ለግሬይ ካፕ ልንሄድ ነው። ኖቬምበር ላይ ምን እንልበስ?

ያላችሁን ሁሉ። ጋቢውንም።