ጨርቅ ነጋዴው «ኢ/ር» ይባላል ወይ?

አንዲት አንባቢ ከኮምቦልቻ ጽፋልኛለች። ወንድሟ እዚያው ኮምቦልቻ በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል። ሥራ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲጠፋ ደሴ ወጥቶ ፒያሳ ላይ ጨርቅ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ ደህና ነጋዴ ነው። አሁን ሊያገባ ነው። የሠርጉ ጥሪ ካርድ ላይ ስሙ «ኢ/ር» ተብሎ ይጻፍ ወይስ «አቶ» በሚለው ቤተሰቡ ተከፍሏል። አጎቷ «ሜትር ይዞ ጨርቅ የሚለካ ሰው ምኑ ነው ኢንጂነር?» ብለዋል። እሷ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሙያውን የተወ ሰው በሙያው ማዕረግ ይጠራል ወይ? ደግሞስ የፈረንጁን ቃል ትተን «መሐንዲስ» ብንል አይሻልም ወይ?

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። እሱ የኔ የቆየ ጭቅጭቅ ነው።

መጀመሪያ ፊደሉ። አንቺም እንደ ብዙው ሰው በሐመሩ ሐ ጽፈሽዋል። እኔ በሃሌታው ሀ ነው የምጽፈው፣ መሀንዲስ። ቃሉ የመጣልን ከዐረብኛው «ሙሀንዲስ» ነው፤ እዚያ ደግሞ ድምፁ ተራው ሃእ ነው እንጂ ከጉሮሮ የሚወጣው ሓእ አይደለም። ለዚህ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግሽም። ወሎ ነው ያለሽው፤ ኪታብ የቀራ አንድ ደረሳ ፈልጊና ጠይቂው። «ሙሐመድ» በዚህኛው፣ «ሙሀንዲስ» በዚያኛው ብሎ ባንድ አፍታ ይለይልሻል። ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲገቡ «ሙ» «መ» ሆነች፤ መሐመድ በሐመሩ፣ መሀንዲስ በሃሌታው መሆን ነበረበት ማለት ነው።

ቃሉ ግዕዝ ነው የሚሉ አሉ። «ከሐነጸ የወጣ ነው፣ መሐንዲስ ማለት ሕንጻ ሐናጺ ማለት ነው፣ ስለዚህ በሐመሩ ሐ ይጻፋል» ይላሉ። ድምፁ ይመሳሰላል፣ ትርጉሙም ይቀራረባል፣ ሰውም ያምናል። ግን «ሐነጸ» ውስጥ ደ የት አለች? ጸስ በየትኛው ሕግ ነው ስ የሆነችው? ግዕዝ «ሐናጺ» የሚል የራሱ ቃል እያለው ሌላ ምን ያደርግለታል? ስም የሚያወጣው መመሳሰል ብቻ ከሆነ ብዙ ጉድ እናያለን።

ዐረብኛውም ቢሆን የቃሉ መነሻ አይደለም። ቃሉ ፋርስ ነው። በጥንቱ ፋርስኛ «ሀንዳዛግ»፣ በኋለኛው «አንዳዜ»፣ ልክ፣ መጠን ማለት ነው። የጥንት የዐረብኛ ሊቃውንት ራሳቸው ቃሉ መጀመሪያ «ሙሀንዲዝ» እንደነበር ጽፈዋል። በዐረብኛ ሥር ውስጥ ዘ ከደ ኋላ ስለማትመጣ ነው ወደ ስ የተለወጠችው ይላሉ። ሙሀንዲስ ማን ነው ሲባሉም የውኃ መውረጃ ቦይ የሚሄድበትን መስመር ለክቶ የሚወስን ሰው ነው ብለው ይፈቱታል። ለክቶ! እንግዲህ አጎትሽ «ሜትር ይዞ የሚለካ» ብለው ወንድምሽን የነኩት መስሏቸው የቃሉን ሥር መዘው አወጡት።

አማርኛ ደግሞ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ አልተኛም። ከመነኩሴ ምንኩስና እንዳለው ሁሉ ከመሀንዲስ ምህንድስና አወጣ። መሀል ላይ «መነኮሰ» እንዳለ «መሀነደሰ» የሚል ግስ የለም፤ ቢሆንም ስሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲህ የተላመደ ቃል እያለን ነው እንግዲህ «ኢንጂነር» ያልነው።

«ኢንጂነር»ም ቢሆን ዘሩ መጥፎ አይደለም። ከላቲኑ «ኢንጌኒየም» ነው፤ ከሰው ጋር የሚፈጠር ብልሃት ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጦር ምሽግ መስበሪያ መሣሪያ የሚሠራለትን ባለብልሃት በዚህ ስም ይጠራው ነበር። ለኛ ግን የመጣልን በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ «ጂ» የምትለዋ ትመሰክራለች። ከጣሊያን ብንወስደው «ኢንጄኜሬ» እንል ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። «ማዕረግ ከሥራ ጋር ይሄዳል፣ ሥራው ሲቀር ማዕረጉም ይቀራል» የሚል ሰው አጎትሽ ብቻ አይደሉም። ይሄ አነጋገር ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን አማርኛ እንደዚያ አይሠራም።

ታከለ ኡማን ተመልከቺ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሯል። ከ2010 እስከ 2012 አዲስ አበባን በምክትል ከንቲባነት መራ፣ ከዚያ የማዕድን ሚኒስትር ሆነ፤ ሁልጊዜም «ኢንጂነር ታከለ» ነው። አይሻ መሐመድም በሲቪል ምህንድስና ነው የሠለጠነችው። በጥቅምት 2011 የመጀመሪያዋ ሴት መከላከያ ሚኒስትር ስትሆን የምትመራው ወታደር ነው፤ ድልድይ አይደለም። ዜናው ግን «ኢንጂነር አይሻ» አለ። (በነገራችን ላይ ይህ ማዕረግ ለሴቶች አንድ ምቾት አለው። ወይዘሮ ነሽ ወይዘሪት ብሎ አያፋጥጥም።) ኃይሉ ሻውል ቅንጅትን ሲመራም «ኢንጂነር ኃይሉ» ነበር፤ በ1997 ምርጫ ጊዜ ስሙን ያለ ማዕረጉ የሚጠራ ብዙ አልነበረም።

ኃይለማርያም ደሳለኝስ? እሱም ሲቪል ምህንድስና ተምሯል፤ ፊንላንድ ታምፔሬ ድረስ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠርቷል፤ አርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምን በዲንነት መርቷል። ከ2005 እስከ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ግን «አቶ ኃይለማርያም» ነበር የሚባለው። ስለዚህ ትምህርቱም ብቻውን አይወስንም። የሚወስነው ሰዉ መጀመሪያ በምን ስም እንዳወቀሽ ነው፤ አፍ የለመደው ይጣበቃል።

ሌላው ዓለምም የየራሱ ልማድ አለው። ያሲር አራፋት ካይሮ ሲቪል ምህንድስና ተምሮ ኩዌት በሙያው ሠርቷል፤ ዐረቡ የሚያውቀው ግን «አቡ አማር» ብሎ ነው። ቦሪስ የልሲን በ1955 እ.ኤ.አ. በግንባታ ምህንድስና ተመርቆ ዓመታት ቤት ሲያስገነባ ኖሯል። ሚስተር ቢን ሆኖ የሚያስቀን ሮዋን አትኪንሰን ኒውካስልና ኦክስፎርድ የተማረው ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። እንግሊዞች ኢንጂነር ብለው አይጠሩትም። ግብፆች ግን እንደኛ ናቸው። ከካይሮ ሰው ጋር የሠራ ስደት ተመላሽ «ባሽሙሀንዲስ» ሲባል ሰምቶ ይሆናል፤ «ባሽ» የቱርክ ቃል ነው፣ ራስ፣ አለቃ ማለት።

የኔን አንጀት የሚያሳርረኝ የኢራን ነገር ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር መህዲ ባዛርጋን ፓሪስ የተማረ መሀንዲስ ነበር። ሕዝቡ «ሞሀንዴስ ባዛርጋን» ይለው ነበር። ፋርሶች ቃላቸውን ለዐረብ አበድረው፣ ከዐረብ መልሰው ተበድረው፣ ማዕረግ አደረጉት። እኛስ ምን ጎድሎብን ነው «መሀንዲስ ስመኘው» ማለት ያቃተን?

አቃተን ግን። በሐምሌ 2010 ያጣነው ሰው «ኢንጂነር ስመኘው» ነው፤ ሌላ ብለው ጆሮ አይቀበልም። ምክንያቱም አማርኛ ሁለቱን ቃላት ሥራ አከፋፍሏቸዋል። «ኢንጂነር» ከስም ፊት ብቻውን ይቆማል። «መሀንዲስ» ከፊቱ «የ» ይፈልጋል፤ የመንገዱ መሀንዲስ፣ የግድቡ መሀንዲስ፣ ኳስ ሲሆን ደግሞ የድሉ መሀንዲስ። አንዱ ሰውየው የተማረውን ይናገራል፣ ሌላው የሠራውን። ማስረጃ ካስፈለገሽ እዝባሯን እዪ። አማርኛ ማዕረጎቹን በእዝባር ያሳጥራል፣ ዶ/ር፣ መ/ር፣ ወ/ሮ፣ አሁን ደግሞ ኢ/ር። «መ/ስ» የሚል ጽሑፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም፤ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ሳልወድ በግዴ የምልሽ ይሄ ነው። ወንድምሽ «መሀንዲስ» አይባልም፣ የምንድን መሀንዲስ ሲባል መልስ የለውማ። «ኢ/ር» ግን ይባላል፣ ተምሮ ተመርቋል፣ የሱቁ ደንበኞችም «ኢንጂነር፣ ይሄ ስንት ነው» እያሉት ከሆነ ነገሩ አብቅቷል። አጎትሽ አሁንም እምቢ ካሉ አብሽሪ፣ «አቶ» ይሁን። ለጠቅላይ ሚኒስትር የበቃ ለሙሽራ አያንስም። ማስማሚያ ብላችሁ «አቶ ኢ/ር» ብቻ እንዳታሳትሙ፤ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ በእጄ ገብቷል።