ሰፊ ፕሪንተር ወደ ሳብሊሜሽን ስለመቀየር ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ነኝ፤ ማልያ አትማለሁ። ሳብሊሜሽን ማለት ወረቀት ላይ አትሞ ቀለሙን በሙቀት ወደ ጨርቅ ማስተላለፍ ነው። ባለ 44 ኢንቹን ኤፕሰን 9880 ቀይሬ እየሠራሁበት ስለሆነ ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። ዛሬ እስከ ማታ አለሁ። ሞዴሉን ጻፉ፤ «ፕሪንተር አለኝ፣ ይሆናል ወይ?» ለሚል መልስ የለኝም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሽየ፣ የኔ ፕላን የሚታተምበት ኤችፒ ዲዛይንጄት ነው። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የኤችፒው ሄድ፣ ማለትም ቀለም የሚተፋው ክፍል፣ ቀለሙን በሙቀት አፍልቶ ነው የሚተፋው፤ ሳብሊሜሽን ደግሞ ሙቀቱን የሚፈልገው ሂት ፕሬስ (መተኮሻው ማሽን) ላይ ነው። ኤፕሰን ያለ ሙቀት ነው የሚገፋው።

ከቡሬ፦ ፎቶ ሲታተምበት የነበረ 9880 አገኘሁ። ካርትሬጁን ብቻ ቀይሬ ብጀምርስ?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። እንዳታደርጊው እህትየ! ውስጡ ያለው ፒግመንት የሚባል ሌላ ዓይነት ቀለም ነው፤ ከሳብሊሜሽን ጋር ቱቦ ውስጥ ሲገናኝ ሊረጋ ይችላል። በመጀመሪያው ማሽኔ ቸኩዬ አንች ያልሽውን አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ማጀንታው ጠፋ። ዳምፐሩን (ቀለም ከቱቦው ወደ ሄዱ የሚያልፍበትን ትንሽ ዕቃ) አውጥቼ ብጫነው የወጣው ነገር እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ሄዱም በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ በአሮጌው ቀለም ኖዝል ቼክ (የሄዱ ቀዳዳዎች መሥራታቸውን የሚያሳይ የመስመር ሙከራ) አውጭ። መስመር የጎደለው ሄድ ከሆነ አትግዥው። በኋላ አጣራለሁ እንዳትይ፤ በማጠቢያ ፈሳሽ የወጣ ኖዝል ቼክ ወረቀት ላይ አይታይም። ከዚያ ባዶ ካርትሬጆች ላይ ማጠቢያ ሞልተሽ፣ በቱቦው የሚመጣው እንደ ውሃ እስኪጠራ አስኪጅ። ዳምፐሮቹን በሙሉ በአዲስ ቀይሪ። የቆሻሻ ቀለም ማጠራቀሚያው በእጥበቱ ስለሚሞላ እሱንም እይው።

ከዳንግላ፦ 9880 ላይ የሁለቱን ግራጫ ቀለሞች ቦታ ጥቁር ብንሞላው?

መልስ፦ በተለመደው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን በሚያዝበት ፕሮግራም) ካተምህ ምስሉ ይጠቁራል፤ ድራይቨሩ እዚያ ግራጫ ያለ ነው የሚመስለው። የትኛው ቦታ ላይ የትኛው ቀለም እንዳለ የምትነግርበት ሪፕ የሚባል የማተሚያ ሶፍትዌር ያስፈልግሃል። ለቀለሙና ለወረቀቱ የተሠራ፣ ፕሮፋይል የሚባል የቀለም ማስተካከያ ፋይልም እንዲሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ለጥምቀት የጥጥ ቲሸርት ላይ?

መልስ፦ ጥጥ አይዝም። ፖሊስተር፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ።

ከባሕር ዳር፦ እኛ ቀለም እንዲይዝ ስፕሬይ እየነፋን ጥጥ ላይ እያተምን ነው እኮ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ታጥቦስ?

ከባሕር ዳር፦ ገና አልታጠበም።

ከዳንግላ፦ ሃሃ! ታጥቦ ይምጣና እንየው።

ከባሕር ዳር፦ አንተ ደግሞ ምን አገባህ? ደንበኛው ወዶት ነው የሄደው።

መልስ፦ ክርክሩን በውስጥ መስመር አድርጉት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ወረቀቱ ላይ ቀለሙ ፈዘዘብኝ፤ ቀለሙ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ወረቀት ላይማ ይፈዛል! የሚደምቀው ሲተኮስ ነው፤ ለፖሊስተር 200 ዲግሪ፣ 50 ሴኮንድ ገደማ። ገልብጣችሁ ማተም እንዳትረሱ። አንድ ጊዜ የአንድ ቡድን ማልያ በሙሉ ቁጥሩ በመስታወት የሚነበብ ሆኖ ወጥቶብኛል።

ከሞጣ፦ መብራት ሲሄድስ?

መልስ፦ ሄዱ ሳይከደን መሃል መንገድ ላይ ይቀርና ይደርቃል፤ በጋ ላይ ይብሳል። ዩፒኤስ ግዛ፣ በቁልፉ አጥፋው፣ ሄዱ ቦታው ይግባ። መብራት ሲመጣ ኖዝል ቼክ።

ከባሕር ዳር፦ እዚህ ግን ጣና ስላለ አይደርቅም።

መልስ፦ ይደርቃል። ኖዝል ቼክ!

ከእንጅባራ፦ ሁሉ ነገር ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም።

ከቲሊሊ፦ ጋሽየ፣ ፕሪንተር አለኝ፣ ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ሞዴል!

ከቲሊሊ፦ ጥቁሩ ነው።