ካርታ ያለበት መጽሐፍ ስጡት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የታሪክና የጀብዱ ልብ ወለድ ለልጆች ስለ መምረጥ ናቸው። ስድስቱን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ወንድ ልጄ መጽሐፍ ይጀምርና አሥር ገጽ ሳይሞላ ይተወዋል። ምን ልስጠው?

መጀመሪያ ያንብቡለት። የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን «የውድ ሀብት ደሴት» ይምረጡ። ይህ መጽሐፍ የተፀነሰው ከልጅ ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው። በ1881 ዝናባማ ክረምት ስቲቨንሰን ከ13 ዓመት የእንጀራ ልጁ ጋር ሥዕል ሲሥል የአንድ ደሴት ካርታ አወጣ፤ ታሪኩም ከካርታው ተወለደ። በ10ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ጂም ሆኪንስ ፖም ፍለጋ በርሜል ውስጥ ይገባል። እዚያው ሳለ በድብቅ የሚያሤረውን የመርከቡን ወጥ ቤት የሲልቨርን ድምፅ ይሰማል፤ በመርከቡ ላይ ያሉት ቅን ሰዎች ሕይወት በእርሱ ብቻ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይገባዋል። ልክ እዚያ ላይ መጽሐፉን ይዝጉ። «የቀረው ነገ» ይበሉና ልጁ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጠውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 13 ዓመቴ ነው። በማነባቸው የጀብዱ ታሪኮች ውስጥ ጀግኖቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ ያለችበት የለም?

አለ፣ ልጄ። የስኮት ኦዴልን «የሰማያዊ ዶልፊኖች ደሴት» ፈልጊ። በ1960 የታተመው ይህ ልብ ወለድ መነሻው ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ራቅ ባለች ደሴት ላይ 18 ዓመት ብቻዋን የኖረች፣ በ1853 የተገኘች ሴት እውነተኛ ታሪክ ነው። የመጽሐፉ ካራና ሴት መሣሪያ እንዳትሠራ ወገኖቿ የከለከሉትን ሕግ ጥሳ ቀስትና ጦር ትሠራለች። ወንድሟን የገደሉትን የዱር ውሾች ልትበቀል ትነሣለች፤ መሪያቸውን በቀስት ወግታ ከጣለችው በኋላ ግን የምታደርገውን አልነግርሽም። መጽሐፉን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ያቆምሁት እዚያ ገጽ ላይ ነው።

በአማርኛም የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ በ1908 ሮም የታተመው፣ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተት ልጅ ታሪክ ነው። ቋንቋው ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል፤ ቀስ እያልሽ ግፊበት።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ልብ ወለድ ለተማሪዎቼ የተሳሳተ ታሪክ አያስተምርብኝም?

ያስተምራል፤ ስሕተቱን ለትምህርት ይጠቀሙበት። የአሌክሳንደር ዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጽሐፉ ጀግና ዳርታኛን በእርግጥ የነበረ ወታደር ነው፤ በ1673 በማስትሪክት ከበባ ሞተ። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ግን በ1625 ሲሆን እውነተኛው ዳርታኛን ያኔ ገና ልጅ ነበር። ዱማ ዕድሜውን ጨምሮ የፈረንሳይዋ ከተማ ላ ሮሼል በተከበበች ጊዜ ጎራዴ አስታጠቀው። ተማሪዎችዎ መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ «ደራሲው ምኑን ለወጠ? ለምን?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱን ፍለጋ ወደ ታሪክ መጻሕፍት የሚሄደው ተማሪ ተገድዶ አይሄድም። ከማንበባቸው በፊት ስሕተቱን መዘርዘር ግን አይገባም፤ ጉጉቱን ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን በልጅነቴ እወደው ነበር። አሁን ለልጄ ልሰጠው ስል ሳነበው ደነገጥሁ። ልደብቀው?

አይደብቁት፤ ለ10 ዓመት ልጅም ብቻውን አይስጡት። የዳንኤል ዴፎ መጽሐፍ በ1719 ታትሞ እስከ ዛሬ የዘለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በደሴት ብቻውን የቀረው ክሩሶ ሸክላውን በስንት ሙከራ ሠርቶ በእሳት ሲያጸና፣ ቀን እንዳይጠፋበት በእንጨት ላይ እየቈረጠ ሲቈጥር፣ አንባቢው አብሮት ይደክማል። 28 ዓመት በደሴት ላይ ሲኖር አንድም ቀን ሥራ ፈትቶ አናየውም።

ነገር ግን ክሩሶ መርከቡ የተሰበረበት ባሪያ ሊገዛ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ሲሄድ ነው። ከሞት ያዳነውን ሰው «አርብ» ብሎ ሲጠራው፣ ገና «አዎን» እና «አይደለም» ማለትን ሳያስተምረው እርሱን «ጌታዬ» ብሎ እንዲጠራው ያስተምረዋል። ይህን ሳነብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ልጅዎ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው አብረው ያንብቡትና «ይህ ሰው ከዚያ አርብ በፊት ስሙ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁት። መጽሐፉ አይነግረንም። አንድ ልጅ ይህን ዝምታ በራሱ ዓይን ካየ፣ ከዚያ በኋላ የሚያነበውን የቆየ መጽሐፍ ሁሉ በንቃት ያነባል።

ጥያቄ፦ አሳጥረው የተዘጋጁ ቅጂዎችን ብሰጥ ነውር ነው?

እንደ ደራሲው ነው። ዡል ቬርን በ«ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» ውስጥ የዓሣ ዓይነቶችን በገጽ በገጽ ይዘረዝራል፤ ለልጅ ቢያጥር አይጎዳም። (ሊግ የቆየ የርቀት መለኪያ ነው፤ ሃያ ሺህ ሊግም ጥልቀት አይደለም፤ በባሕር ውስጥ የተጓዙት ርቀት ነው።) ስቲቨንሰንን ግን አትንኩት፤ የሚቈረጥ ትርፍ የለውም።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ስለ ጦርነት ጠየቀችኝ። የማያስፈራት መጽሐፍ አለ?

ጨርሶ የማያስፈራ ቢሆን ውሸት ይሆናል። የሎይስ ሎውሪ «ከዋክብትን ቁጠሪ» ግን ፍርሃቱን በልጅ አቅም ይመጥነዋል። በ1943 ዴንማርክ ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ አይሁዳዊት ጓደኛዋን ከናዚዎች ለማዳን የምትከፍለውን ዋጋ ይተርካል። ልጅቱ ውስጡን የማታውቀውን ጥቅል ይዛ በጫካ ውስጥ አይሁዳውያን ወደ ተሸሸጉበት የአጎቷ ጀልባ ስትሮጥ ወታደሮች ከነውሾቻቸው ያስቆሟታል። በጥቅሉ ውስጥ ያለው መሐረብ የውሾችን ማሽተት የሚያደነዝዝ ነገር የተነከረበት ነው። ልጅዎ «ይህ እውነት ነው?» ማለቷ አይቀርም። ያኔ በመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን የደራሲዋን ማስታወሻ ይግለጡላት፤ መሐረቡ እውነት ነው።