መልስ፦ በእምነቴ ምክንያት የገበያ መደቤን ተነጠቅሁ፤ ልክሰስ ወይስ ለእግዚአብሔር ልተወው?

ወንድሜ፣ ክሰስ። በቀልን ለእግዚአብሔር መተው መብትን መተው አይደለም። ሮሜ 12፥19 የሚከለክልህ ብድር መመለስን ነው፤ ያንኑ መልእክት የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትህን ይጠብቃል።

የኪራይ ውልህንና የግብር ደረሰኝህን ይዘህ ገበያውን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ሂድ። አቤቱታህን በጽሑፍ አስገባ፤ በእጅህ የሚቀረው ቅጂ ላይም ማኅተም አስደርግ። ጎን ለጎን ሽማግሌ ላክ፤ በወሎ ቄስና ሼህ አብረው የሚቀመጡበት ሽምግልና ብዙ ነገር ያበርዳል።

ፍርዱ ቢዘገይ መዝሙር 73ን አንብብ። የመዝሙሩ ባለቤት አሳፍ ክፉዎች ሲሳካላቸው አይቶ ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ሳይደብቅ ለአምላኩ ይናገራል። አንተም እንደዚያው ንገረው፤ ምሬትህን አይጸየፍም።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ቡና ላይ ስታወራ «እነሱ» አትበል፤ የበደለህ አንድ ሰው ነው። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ከአቦል በረካ ሳይደርስ የሰፈር ጠብ ሲሆን አይቻለሁ። የዚያ ሰው ሃይማኖት የአክስትህ ወይም የአማትህ ሃይማኖት ሊሆን ይችላል፤ ወሎ እንዲህ ነውና። ስሙን የምትጠራው በአቤቱታህና በጸሎትህ ብቻ ይሁን።