ሒሳብ በቴሌግራም በነጻ ማስጠናቴ ለሥራ ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። ሥራ መፈለግ ከጀመርሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዘዞ ከወላጆቼ ጋር ነው የምኖረው። የጎረቤት ልጆች የከበዳቸውን የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ እያነሡ በቴሌግራም ሲልኩልኝ እየሠራሁ እመልስላቸው ነበር። አሁን ከዳባትና ከቆላ ድባ የማላውቃቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ ይልኩልኛል፤ ማታ ማታ ከስልኬ አልነሣም። አባቴ «ዲግሪ ይዘሽ ነጻ ጉልበት ሆንሽ» ይለኛል። ሲቪ ላይ ልጻፈው ብል ደግሞ የሚስቁብኝ ይመስለኛል። ልቀጥል ወይስ ላቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ አታቁሚ። በያዝሽው መንገድ ግን አትቀጥይ።

አባትሽን አትቀየሚያቸው። አስተምረው ያስመረቋት ልጅ ሌሊቱን የሰው የቤት ሥራ ስትሠራ የሚያይ ወላጅ ሌላ ምን ይላል? በከፊልም እውነት አላቸው። ፎቶ ሲመጣልሽ ሠርቶ መልሱን መላክ ለልጁ ብዙ አይጠቅመውም፣ ላንቺም ሙያ አይጨምርልሽም። እንደ ፎቶማዝ ያለ የስልክ አፕሊኬሽን ያንኑ ጥያቄ በሰከንዶች ውስጥ ከነአሠራሩ ያወጣለታል። አንቺ የምትፈለጊው አፕሊኬሽኑ ለማይሠራው ነገር ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ላሳይሽ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የደብተሩን ገጽ ላከልሽ እንበል። ጥያቄው «ኤክስ ስኩዌር = 5ኤክስ» ነው። ልጁ ሁለቱንም ወገን ለኤክስ አካፍሎ «ኤክስ = 5» ብሎ ጨርሷል። መጽሐፉ ግን መልሱን 0 እና 5 ይላል፤ ልጁ ተናዶ «መጽሐፉ ተሳስቷል እንዴ?» ብሎ ጽፎልሻል። ወደ አንድ ወገን አምጥተሽ፣ ፋክተር አድርገሽ ብትልኪለት ገልብጦ «አመሰግናለሁ ቲቸር» ይልሻል፤ በማግስቱ «ኤክስ ስኩዌር = -3ኤክስ» ሲመጣበት መልሶ ያካፍላል። ይልቅስ «እስቲ በኤክስ ቦታ ዜሮ አስገባና እየው» በዪው። ያስገባል፤ ግራውም ቀኙም ዜሮ ይሆንለታል። «ታዲያ ዜሮ መልስ ከሆነ አንተ ጋ የትኛው መስመር ላይ ጠፋ?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በዪ። መልስ እስኪሰጥ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ጠብቂው። ማካፈሉ ላይ እንደጠፋ ራሱ ሲደርስበት፣ «በዜሮ አይካፈልም» የሚለውን ከታች ክፍል ጀምሮ በቃሉ የያዘውን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ያገኘዋል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ለኤክስ ሊያካፍል ሲል እጁ ይያዛል።

ሙያው እዚህ ላይ ነው። መልሱን ማወቅሽን ዲግሪሽ ይመሰክራል፤ የሌላው ሰው ሐሳብ የት ላይ እንደተጣመመ አይቶ በትክክለኛው ጥያቄ መመለስን ግን ዲግሪ አይመሰክርም፣ አብዛኛው ተመራቂም አይችለውም። የአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ጥንት ያውቀዋል፤ በቅኔ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስነገረ ነው እሱም ለመምህርነት የሚደርሰው።

መልስ መላክና ማነጋገር ምን ያህል እንደሚለያዩ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቦትስዋና ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ ነበር። ከፊሎቹ ዘንድ መልእክቱ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን የስልክ ጥሪ ተጨመረ። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም፤ የተደወለላቸው ግን በሒሳብ ተሻሽለው ተገኙ። ኢንተርኔት የለም፣ ቪዲዮ የለም፤ ያለው ተራ ስልክና የሚያነጋግር ሰው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አንድ ለአንድ እየሆኑ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን በኢንተርኔት በሳምንት 3 ሰዓት ያህል ያስጠኑ ነበር፤ ለማስጠናቱ በዕጣ የተመረጡት ልጆች ዕጣው ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ በትምህርታቸውም በመንፈሳቸውም የተሻሉ ሆኑ። እነዚያ አስጠኚዎች እንዳንቺው ያሉ ወጣቶች ነበሩ።

የቦትስዋናውን ያነሣሁልሽ ያለምክንያት አይደለም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንቺም አልፈሽበታል። በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የከረመ ልጆች ከሚልኩልሽ መካከል እንደማይጠፉ እገምታለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ብዙ ምክንያት አለ፤ አንዱ ግን ከታች ክፍል ጀምሮ ሳይሞላ የቀረ የሒሳብ ክፍተት ነው። የምታደርጊው ነገር የሚያስፈልግ መሆኑን ልትጠራጠሪ አይገባም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። መጀመሪያ አጥብቢው። ከ5ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የመጣውን ሁሉ አትቀበዪ። እኔ ብሆን 9ኛና 10ኛ ክፍልን እይዛለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተና ስለደረሰበት መልስ እንጂ ጥያቄ የሚሰማበት ጊዜ የለውም። 9ኛ ላይ ግን ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ብዙ ልጆች ሒሳቡን ሳይሆን ጥያቄው ምን እንደሚል ስተው ይወድቃሉ፤ አንቺ በአማርኛ አስረድተሽ ወደ እንግሊዝኛው ልትመልሻቸው ትችያለሽ። አምስት ስድስት ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ማታ፣ የተወሰነ ሰዓት ይበቃል። ሌሎቹ ይቀየማሉ፣ ይቀየሙ። በየሳምንቱ ሳታቋርጪ የምታገኚያቸው ስድስት ልጆች አልፎ አልፎ መልስ ከምትወረውሪላቸው መቶ ልጆች ይልቅ ይለወጣሉ። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ የድምፅ መልእክትና የደብተር ፎቶ ይበቃሻል፤ ዳታ ሲጠፋ ደውዪ።

ስለ ደህንነትሽ ሳልናገር አላልፍም። ልጆቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ናቸው፣ አንቺም ወጣት ሴት ነሽ። ቁጥርሽ እንዳይታይ የቴሌግራሙን ሴቲንግ አስተካክዪ። ማስጠናቱ በግሩፕ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ቤት አንድ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም እኅት ግሩፑ ውስጥ ይግባ። ተማሪ ነኝ ብሎ ከመጀመሪያው ማታ የግል ወሬ የሚጀምርሽን ሳትከራከሪ ብሎክ አድርጊው። የልጆቹን ስምና ውጤት ደግሞ የትም አትለጥፊ።

ሲቪ ላይ መጻፉን በተመለከተ፣ «ተማሪዎችን በበጎ ፈቃድ እረዳለሁ» ብቻ ብትዪ የሚስቅ ባይኖርም ልብ የሚልሽ የለም። ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ የልጁን ክፍል፣ ጥያቄውን፣ ስህተቱ የት ላይ እንደነበረ፣ አንቺ ምን እንደጠየቅሽው፣ ከሳምንት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ስትሰጪው ሠራው ወይስ አልሠራው የሚለውን መዝግቢ። ሁለት ሦስት ወር ስትቆዪ የትኛው ስህተት እንደሚደጋገም ታያለሽ። ያኔ ሲቪሽ ላይ ስንት ተማሪ፣ ለስንት ወር፣ በምን ምዕራፍ እንዳስጠናሽና ስንቱ እንደተሻሻለ ከመዝገብሽ አንድ መስመር ትጽፊያለሽ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ከየት አመጣሽው?» ቢሉሽ ደብተሩን ታወጫለሽ።

አገራችን ግን ማህተም ትፈልጋለች፤ ቴሌግራም ማህተም የለውም። ስለዚህ ልጆቹ የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን ወይም የሒሳብ ክፍል ኃላፊውን አነጋግሪ። ማጠናከሪያ ትምህርት ለሚያስፈልጋቸው ልጆች በነጻ ላስጠና ስትያቸው እንቢ የሚል ብዙ አይገጥምሽም። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም የማጠናከሪያ ትምህርት አንዱ ሥራ ስለሆነ የከተማውን ወጣቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ስትጨርሺ ያገለገልሽበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ከመጀመሪያው ተስማሚ፤ ኋላ መለመን ያስቸግራል።

ሥራው ራሱ ከየት ይመጣል ካልሽኝ፣ ቅርቡ የግል ትምህርት ቤት ነው። ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ትምህርት፣ ያሰጡሻል። አብዛኛው አመልካች ሰሌዳውን በፎርሙላ ሞልቶ ይወጣል። አንቺ ያንን «ኤክስ ስኩዌር = 5ኤክስ» ጽፈሽ፣ ተማሪዎች የሚሳሳቱትን ስህተት አሳይተሽ፣ በጥያቄ ብታቃኚው ፊት ለፊትሽ የተቀመጠው መምህር ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆን ካሰብሽ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማውን፣ ፒጂዲቲ የሚሉትን፣ ጠይቂ። ቤት ለቤት ማስጠናትም አለ፤ አንድ ወላጅ «ልጄን በክፍያ ያዢልኝ» ቢልሽ ሳታፍሪ ዋጋ ተናገሪ። በነጻ የያዝሻቸውን በነጻ ትጨርሻለሽ፣ የሚከፍለው ይክፈል። እንግሊዝኛሽ ደህና ከሆነ ደግሞ በኢንተርኔት በነጻ የሚያስተምረው የካን አካዳሚ መሥራች ሳል ካን እ.ኤ.አ. በ2020 ያቋቋመው ስኩልሃውስ የሚባል የነጻ ማስጠኛ መድረክ አለ። አስጠኚ ለመሆን ፈተናውን እየሠራሽ እንዴት እንዳሰብሽ በድምፅ አስረድተሽ ቀርጸሽ ትልኪያለሽ። ባትቀጥይበት እንኳ ያንን ቀረጻ መሥራቱ ራሱ ልምምድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ይህ የሥራ ፍለጋሽን ቦታ አይውሰድ። ልጆቹ ሲያመሰግኑሽ ደስ ይላል፣ ማመልከቻ ልኮ መልስ አለማግኘት ደግሞ ያማል፤ ሰው ሳያውቀው ወደሚያስደስተው ያዘነብላል። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ የምታይበትና የምታመለክችበት ይሁን። በባንክም ሆነ በሌላ ቦታ ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል ማስታወቂያ ስታዪ አትለፊው፤ የመግቢያ ፈተናው ላይ የቁጥር ጥያቄ ካለ አንቺ ትቀድሚያለሽ።

ዛሬ ማታ ለሚልኩልሽ ልጆች ይህንን ጻፊላቸው፦ «ከሰኞ ጀምሮ የምቀበለው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁ የሞከራችሁትንም ፎቶ አንሡ፤ ሙከራ የሌለበትን አልሠራም።» የሚቀሩትን ልጆች ስም ደብተሩ ላይ ጻፊና ጀምሪ። አባትሽንም አንድ ማታ አጠገብሽ አስቀምጫቸውና ስታስጠኚ ይስሙ።