ነዳጁ ለቀብር ነው የደረሰው፦ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች በ1970ዎቹ ምን ነካቸው? (ጥያቄና መልስ)

መካኒክ ነኝ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በአሮጌ የአሜሪካ ቪ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተሮች ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰዎች “መስል ካር” ስለሚባሉት መኪኖች አወዳደቅ የላኩልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን “ዓ.ም.” ብዬ እለየዋለሁ።

ጥያቄ፦ መስል ካር የሚባለው በትክክል የትኛው ነው? ኮርቬትስ ይገባበታል?

መልስ፦ በጠባቡ ትርጉም፣ መካከለኛ መጠን ያለው ባለ ሁለት በር የቤተሰብ መኪና ተወስዶ የትልቁ መኪና ቪ-8 ሞተር ሲገጠምለትና ደመወዝተኛ ወጣት በሚችለው ዋጋ ሲሸጥ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይባላል። ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ሳለ፣ ጆን ዲሎሪያን ዋና መሐንዲስ የነበረበት የኩባንያው ቅርንጫፍ የፖንቲያክ ቡድን 389 ኪዩቢክ ኢንቹን (6.4 ሊትር ገደማ) ሞተር ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መኪናው ላይ በትዕዛዝ የሚጨመር ዕቃ አድርጎ አሾለከው። ኮርቬት የስፖርት መኪና ነው፤ ማስታንግና ካማሮም “ፖኒ ካር” የሚል የራሳቸው ስም አላቸው። ስለ ውድቀቱ ስንነጋገር ግን የያዛቸው በሽታ አንድ ስለሆነ ሁሉንም አብሬ እጠራቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እነዚህን መኪኖች የገደላቸው የ1973ቱ የዓረቦች የነዳጅ ማዕቀብ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እውነት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ያምናል፤ የዓመታቱ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። የጉልበቱ ጣሪያ 1970 ነበር። በዚያ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖች ላይ ጥሎት፣ ኋላም ወደ 400 ኪዩቢክ ኢንች ከፍ አድርጎት የነበረውን ገደብ አነሣ፤ ሼቭሮሌም የሼቬልን ጉልበተኛ ዓይነት፣ ሼቬል ኤስኤስን በ454 ኪዩቢክ ኢንችና በ450 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት ግን ገዢው መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ ፕሊማውዝ “ሄሚ” የተባለውን ትልቅ ሞተር የገጠመላቸው፣ ጣሪያቸው የማይታጠፍ ኩዳ መኪኖች በ1970 ሞዴል 652 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በጨረታ ላይ ሰው የሚጋፋባት መኪና በጊዜዋ ፈላጊ አልነበራትም ማለት ነው። ለመንገድ መኪና የሚሠራው ባለ 426 ኪዩቢክ ኢንች ሄሚ ሞተር ከ1971 ሞዴል በኋላ ቆመ።

ማዕቀቡ በጥቅምት 1973 ሲታወጅ በሽተኛው አልጋ ከያዘ ቆይቷል፤ ነዳጁ ለቀብር ነው የደረሰው። ቀብሩ ግን ቀላል አልነበረም። በጋሎን ከ40 ሳንቲም በታች የነበረው ቤንዚን ከ50 ሳንቲም በላይ ወጣ፤ ማደያዎች እሑድ ዘጉ፤ በብዙ ግዛቶች የሰሌዳ ቁጥሩ ሙሉ የሆነ አንድ ቀን፣ ጎዶሎ የሆነ በማግስቱ እንዲቀዳ ተደረገ፤ በጥር 1974 ደግሞ በመላ አገሪቱ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ላይ ተገደበ። ያው የዋጋ ንረት አዲስ አበባ ደርሶ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲዎችን አስቁሟል፤ የዚያ ዘመን የእኛ ሰው “የነዳጅ ዋጋ” ሲባል ትዝ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ገደላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቢላ ያነሣው ኢንሹራንስ ነው እላለሁ። ኩባንያዎቹ የፈረስ ጉልበቱን ከመኪናው ክብደት ጋር እያነጻጸሩ “አደገኛ” በሚሏቸው ሞዴሎች ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጣሉ፤ ነጂው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ወንድ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ያስደነግጥ ነበር። መኪናው የተሠራው ደግሞ ለዚሁ ሰው ነው። ፋብሪካዎቹ ከዚህ ለማምለጥ አነስ ያለ ሞተር ያላቸውን እንደ ፕሊማውዝ ደስተር 340 ያሉ ቀላል መኪኖች አወጡ፤ ቆየት ብሎም ጉልበቱ ቀርቶ ቀለሙና ተለጣፊው መስመር ብቻ የሚሸጥበት ጊዜ መጣ።

ጥያቄ፦ የኮርቬት መደበኛ ሞተር በ1970 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በ1975 ያው 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር 165 ይላል። ግማሹ ጉልበት የት ገባ?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ቁጥር የማይሳሳት የለም። ጉልበቱ የቀነሰ እውነት ነው፤ ከልዩነቱ ግማሽ የሚጠጋው ግን የወረቀት ነው።

እስከ 1971 ድረስ ፋብሪካዎች የሚያስተዋውቁት ሞተሩ ብቻውን በመፈተሻ አልጋ ላይ ተሰቅሎ፣ የአየር ፊልትሮ ሳይኖረው፣ ማርሚታ ሳይገጠምለት፣ ዲናሞውን ሳያዞር የሚሰጠውን ጉልበት ነበር። ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ግን ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ ሁሉን ተሸክሞ የሚሰጠው የተጣራ ጉልበት መጻፍ ጀመረ። ያልተጣራና የተጣራ ደመወዝ እንደ ማለት ነው፤ ሰውየው ያው ነው፣ ኪሱ የሚገባው ይለያያል። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሁለቱንም ቁጥሮች ስላወጣ ማመሳከር ይቻላል፤ እርስዎ የጠቀሱት ሞተር በዚያ ዓመት በድሮው አለካክ 270፣ በአዲሱ 210 ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ በ1970 ከነበረው 300 ወደ 270 የወረደው እውነተኛ ቅነሳ ነው፤ ከ270 ወደ 210 የወረደው የመለኪያ ለውጥ ነው፤ ከ210 ወደ 200፣ ኋላም በ1975 ወደ 165 የወረደው እንደገና እውነተኛ ቅነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነተኛውን ቅነሳ ምን አመጣው? ፋብሪካዎቹ ሞተሩ ላይ ምን ነካኩ?

መልስ፦ ዋናው ኮምፕሬሽኑ (እምቅታው) ነው። የጋራዤ መደርደሪያ ላይ ከሁለት ሞተሮች የወጡ ፒስተኖች ጎን ለጎን አሉኝ፤ ስፋታቸው አንድ ነው። የ1970ው አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የ1973ቱ አናቱ እንደ ድስት ክዳን ውስጠኛው ክፍል ጎድጎድ ብሏል፤ ዘይት ቢያንጠባጥቡበት ይተኛበታል። ያ ጉድጓድ አየሩና ቤንዚኑ ከመቃጠላቸው በፊት የሚታመቁበትን ቦታ ያሰፋዋል። ከ10 እና ከ11 ለ 1 የነበረው እምቅታ ወደ 8.5 ለ 1 ወረደ፤ እምቅታው ሲቀንስ ከእያንዳንዷ የቤንዚን ጠብታ የሚገኘው ሥራም ይቀንሳል።

ለምን ቢባል ነገሩ የሚጀምረው ከእርሳስ ነው። ከፍተኛ እምቅታ ያለው ሞተር ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳበት በእርሳስ የታከመ ነዳጅ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ታኅሣሥ 31 ቀን 1970 የፈረሙት የንጹህ አየር ሕግ ግን ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ 90 በመቶ እንዲቀንስ ያዝዝ ነበር፤ ይህን ለማሟላት የታሰበው ጭስ ማጣሪያው ካታሊስት ደግሞ በውስጡ ያለው ፕላቲነም በእርሳስ ከተለበጠ ይሞታል። የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ኤድ ኮል ይህን አስቀድመው ስላዩ የ1971 ሞዴሎች እርሳሱ አነስተኛ በሆነ 91 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው መፈንዳትን የሚቋቋምበት መለኪያ) ቤንዚን እንዲሠሩ አደረጉ። ስለዚህ የጉልበቱ መውረድ ከካታሊስቱ በአራት ዓመት ቀደመ።

በመካከሉ ያሉት ዓመታት ናቸው መጥፎዎቹ። የ1973 እና የ1974 ሞተር ኮፈኑ ሲከፈት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች እንደ ሐረግ ተጠላልፈው ይታያሉ፤ የካንዴላው እሳት እንዲዘገይ ተደርጓል፤ የተቃጠለ ጭስ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ጉልበት ይጎድላል፣ ቤንዚንም ይበላል። የሙያ ጓደኞቼ ካታሊስቱን ሲረግሙ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በእርግጥ በ1975ቱ ኮርቬት ሁለቱን የጭስ ቱቦዎች አገናኝቶ በአንድ ካታሊስት ማስተንፈስ አፍንጫን እንደ መያዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ጭሱ ከሞተሩ ውጭ መጽዳት በመጀመሩ መሐንዲሶቹ የካንዴላውን እሳት ወደ ትክክለኛ ጊዜው እንዲመልሱ ዕድል ሰጥቷቸዋል።

ጥያቄ፦ የፎርድ ማስታንግ 2 የተባለው የማስታንግን ስም ያዋረደ መኪና ነው። ይስማማሉ?

መልስ፦ አልስማማም። በ1974 ሞዴሉ ቪ-8 ሞተር ጨርሶ አልነበረውም፤ ትንሹ ሞተር 2.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ሆኖም በመጀመሪያ ዓመቱ ከ385,000 በላይ ተሽጧል። ተዋረደ የምንለው እኛ ከ50 ዓመት በኋላ ነን፤ የዚያን ጊዜው ገዢ ተራ ይዞ ቤንዚን ይቀዳ ነበር። ይልቅ የሚያሳዝነኝ የ1974ቱ ጂቲኦ ነው፤ ቬንቱራ በተባለው ትንሽ መኪና ላይ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተገጥሞለት፣ 7,058 ብቻ ተሽጦ ስሙ ተቀበረ። ቻሌንጀር፣ ባራኩዳና ጃቭሊን የተባሉት ፖኒ ካሮችም በዚያው ዓመት ቀሩ።

ጥያቄ፦ ካማሮ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር የሚባለው ተረት ነው?

መልስ፦ ተረት አይደለም። በ1972 ካማሮና ፋየርበርድ ይገጣጠሙበት በነበረው በኖርዉድ፣ ኦሃዮ ፋብሪካ ሠራተኞች ለ174 ቀናት ሥራ አቆሙ። አድማው ሲያበቃ በመስመሩ ላይ ሳያልቁ የቀሩ ወደ 1,100 የሚጠጉ የመኪና አካላት ነበሩ፤ በ1973 ሞዴል የፊት ፓራውልት በሰዓት 5 ማይል ግጭት እንዲቋቋም የሚያዝዘውን ደንብ ስለማያሟሉ ሊሸጡ አልቻሉም፤ ተሰባብረው ተጣሉ። ከኩባንያው አለቆች ሁለቱንም ሞዴሎች እናቁም ያሉ ነበሩ። አለማቆማቸው በጃቸው፤ ተፎካካሪዎቹ ሲያልቁ ሜዳው ለሁለቱ ቀረ፤ በ1979 የፋየርበርድ ትራንስ አም ሽያጭ ብቻ ከ117,000 አልፏል።

ጥያቄ፦ በ1978 ፈጣኑ የአሜሪካ መኪና የጭነት መኪና ነበር የሚሉኝ ይቀልዱብኛል?

መልስ፦ አይቀልዱም፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ማይል በመድረስ ቀዳሚ የነበረውን ዶጅ ሊል ሬድ ኤክስፕረስን ነው የሚሉት። የጭነት መኪና ደንቡ ላላ ያለ ስለነበር ያለ ካታሊስት ወጣ፤ ጭሱንም በካቢናው ግራና ቀኝ ወደ ላይ በቆሙ ቱቦዎች ያወጣ ነበር። ሕግ ቀዳዳ ካለው መሐንዲስ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከእነዚህ አንዱን ልገዛ አስቤአለሁ፤ የ1970 ሼቬል ይሻለኛል ወይስ የ1970ዎቹ መጨረሻ ትራንስ አም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመነዳት ከሆነ ትራንስ አሙን ግዛ። የምለው በመሪውና በፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ በወረቀቱም ነው። ከ1972 ጀምሮ በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የሻንሲ ቁጥር ላይ አምስተኛው ምልክት ፋብሪካው የትኛውን ሞተር እንደገጠመ ይናገራል። በ1970 ሼቬል ላይ ግን የሻንሲ ቁጥሩ ቪ-8 መሆኑን እንጂ 454 ይሁን 307 አይነግርህም፤ ስለዚህ ተራውን ሼቬል ኤስኤስ አስመስሎ መሸጥ ቀላል ነው። ሻጩ የፋብሪካውን የትዕዛዝ ወረቀት ካላሳየህ እንደ ተራ ሼቬል ዋጋውን ተነጋገር። ትራንስ አም ልታይ ስትሄድ ደግሞ ማግኔት ያዝ፤ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ነካ ነካ አድርግ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።