44ቱን ተወውና ከጆሮ እስከ ጆሮ ለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «የእጄ ዙሪያ 17 ሴንቲሜትር ነው። 44 ሚሊሜትር የሆነ ውድ የስፖርት ሰዓት ልገዛ ነው። ይሆነኛል ወይ?» ብለሃል። ከሥር የተሰጡህን መልሶችም አነበብኩ። ግማሹ «ግዛ፣ ያምርብሃል» ይላል። ግማሹ «ከ40 በላይ እንዳትነካ» ይላል። ሁለቱም አይጠቅሙህም። የእኔም እጅ 17 ነው፣ የገዛሁትም 44 ነበር። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ።

1. 44 የሚለውን ቁጥር ለጊዜው እርሳው። እሱ የሰዓቱ ገላ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ስፋት ብቻ ነው። እጅህ ላይ መቀመጥ አለመቀመጡን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን ጆሮዎች ታውቃቸዋለህ፤ ከላይኛው ጆሮ ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ለካ። ሮሌክስ ሰብማሪነር የሚባለው የጠላቂ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2020 ስፋቱ ከ40 ወደ 41 ሲያድግ ስንቱ ጮኸ! ከጆሮ እስከ ጆሮ ግን 48 ገደማ ነው፣ ብዙ እጅ ይችለዋል። ሴይኮ «ቱና» እያሉ የሚጠሩት የጠላቂ ሰዓት ደግሞ ስፋቱ ከ47 በላይ ነው፤ ጆሮዎቹ ከገላው ሥር ስለተሸሸጉ ግን ከቁጥሩ አንሶ ይቀመጣል። የእኔው ጉድ 44 ተብሎ ተሸጦልኝ፣ ቤት ስለካው 54 ሆኖ ተገኘ።

2. የእጅህን ዙሪያም አትመነው። ዙሪያው 17 የሆነ እጅ ክብ ሊሆን ይችላል፣ ጠፍጣፋም ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሚያርፈው ከላይ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ማስመሪያ አጋድምና ሜዳው ስንት እንደሆነ እይ። የእኔ 50 ነው። ስለዚህ ጆሮዎቹ በዚህም በዚያም ሁለት ሁለት ሚሊሜትር አየር ላይ ቀሩ ማለት ነው። «ሁለት ሚሊሜትር ምን አላት?» ትላለህ። እኔም ብዬ ነበር። ከጎን ስታየው ግን ድልድይ ነው የሚመስለው፣ ከሥሩ እስኪርቢቶ ያሾልካል። ሰንሰለቱ ከገላው ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ። ከገላው ቀጥላ ያለችው የመጀመሪያዋ የሰንሰለት ቀለበት ብዙ ጊዜ ቶሎ አትታጠፍም፤ እሷንም ከጆሮው ጋር ደምረህ ለካ።

3. ሱቅ ውስጥ ስትሞክር አትቸኩል። ይኼን የምልህ እኔ ስለቸኮልኩ ነው። የሞከርኩት በጠዋት ነበር፣ ቆሜ፣ ክንዴን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ፣ ምናልባት ሁለት ደቂቃ። ከላይ ቁልቁል ስታየው የትኛውም ሰዓት ያምራል። መስታወት ፊት ራቅ ብዬ አልቆምኩም። እጄን ወደ ኋላ አላጠፍኩም፤ አጥፌ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ የሚሞላባት ጎኑ ላይ ያለችው ቁልፍ የእጄን ጀርባ ስትወጋኝ ያኔውኑ አውቅ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። «ትልቅ ነው» አሉኝ። «ስልክ በቅርብ ሲያነሳ ያገዝፈዋል» ብዬ ተከራከርኩ። ነገሩ እውነት ነው፣ በቅርብ የተነሳ ሰዓት ከሆነው በላይ ይገዝፋል። እኔ ግን በእውነት ራሴን ሸወድኩበት።

ከዚያ ዋናው ጥፋት መጣ። ማሰሪያው ጎማ ነበር፤ በልክህ ተቆርጦ ዘለበቱ የሚገባበት ዓይነት። ቀዳዳ የለውም፣ አንዴ ከቆረጥከው ቆረጥከው ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ መከላከያ ላስቲኩን ሁሉ ልጬ፣ መቀስ አንስቼ ቆረጥኩት። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ እጄም ቀጥኖ ነበር። በማግስቱ ቀን ሲሞቅ እጄ አበጠና ዘለበቱ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ማታ ባለቤቴ አየችኝና «ይሄ እጅ ላይ ነው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው?» አለች። መስታወት ፊት ሄድኩ። እውነቷን ነው።

በነጋታው ሰዓቱን ልመልስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ያ ስገዛ ወንበር ስቦልኝ የነበረ ሻጭ ከስልኩ ቀና ሳይል «ማሰሪያው ተቆርጧል፣ አንቀበልም» አለኝ። የአዲስ ማሰሪያ ዋጋ ልክፈል ብዬ ለመንኩ። «ሰዓቱ ምንም አልሆነም፣ እጅህ ነው የቀጠነው» ብሎኝ አረፈ! ይኼው ሰው ነው ከሁለት ቀን በፊት «ለአንተ የተሠራ ነው» ያለኝ። ሌላ ቦታ ወስጄ ልሸጠው ስል ከከፈልኩት ሲሶው ተቀነሰ፣ አንድ ቀን ለታሰረ ሰዓት። እልህ ያዘኝና አልሸጥም አልኩ። ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ስለዚህ ጎማ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባለቀዳዳ ማሰሪያ አድርገው እንዲያስሞክሩህ ጠይቅ። አንተው የምትቆርጠው ከሆነ ከሰዓት በኋላ ቁረጥ፣ ከሁለቱም ወገን በየተራ፣ ማሰሪያው ላይ ለመቁረጫ ከተሠመሩት አንድ አንድ መስመር ብቻ። ያለዚያ ዘለበቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ስለ ክብደት ብዙ አልልህም። ቲታኒየም ከብረቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ይቀላል፣ ትልቅ ሰዓት የምትወድ ከሆነ እሱ ይሻልሃል። አሁን የማስረው የቲታኒየም ነው፣ 43 ስፋት፣ 49 ርዝመት። ሁለት ሳምንት በካርቶን ቆርጬ እጄ ላይ እያስቀመጥኩ ነው የመረጥኩት። ሳቁብኝ፣ ግን የማላወልቀው እሱን ነው።

ያ 44ቱስ ካልክ፣ ታናሽ ወንድሜ እጅ ላይ ነው። የእሱ ዙሪያ 16 ተኩል ነው፣ ከእኔ ቀጭን፤ ሜዳው ግን 56፣ ጠፍጣፋ። በእኔ ልክ የተቆረጠው ማሰሪያ ለእሱ ልክክ አለ። ለእሱ የተሰፋ ይመስላል፣ ሲያናድድ! በየወሩ ሊከፍለኝ ተስማምተን ነበር፣ ሦስተኛው ወር ላይ ክፍያው ቆሟል። ሰዓቱ ግን አልቆመም።

አንተ ሞዴሉን አልጻፍክም። ጻፈውና ከጆሮ እስከ ጆሮ ስንት እንደሆነ ልንገርህ፤ አሁንማ አብዛኛውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የሜዳህንም ልክ ጨምርበት።